ቁርቁራው ሥር

«ለወርቋ ብላ ነው አሉ ተመልሳ የገባችው» አለች የሟቿ ጎረቤት ሀስና፣ በለቀስተኞቹ መሀል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነፍስ እያለ ዕቃ እንዲህ ያጓጓል?»

ታሂር ከዳሱ ምሰሶ ወዲህ ተቀምጦ ሰማት። ሚስቱ ኡሙሰልማ በእሳት ከሞተች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ወርቅ የሚሉት አንድ ጥንድ ጉትቻ ነበራት፤ እሱንም በድርቁ ጊዜ ሸጣ ለበሬዎቹ መኖ ገዝታበታለች። ይህን መናገር የሱ ፋንታ ነበር።

የቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ዳኛ ሼህ እንድሪስ ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ ልጄ። ቀደር ነው፤ የተጻፈ ነው።»

«አሚን» አለ። ቀደሩን ያምናል። እግሩ በዚያ ቀን የሄደበት መንገድ ግን ከዓይኑ አልጠፋም።

ባለፈው በጋ ኡሙሰልማ ከቀበሌው የሴቶች ስብሰባ ስትመለስ አንድ ነገር ይዛ መጣች። ማታ ቤተሰቡን ሰበሰበችና «እሳት ቢነሳ በየት ነው የምንወጣው?» አለች።

«አታሟርቺ እንጂ» አላት ታሂር።

«ሟርት አይደለም፤ ምክር ነው።»

በጓሮ በር ላይ የከመረውን የማሽላ አገዳ እስኪያነሳ ነዘነዘችው፤ እያጉረመረመ አነሳ። ቀጥላም ሁሉም ወጥቶ የሚገናኘው ግቢው ዳር ካለው ቁርቁራ ሥር እንዲሆን፣ የደረሰም «አለሁ» እንዲል ደነገገች። «ያልመጣ ካለ ውስጥ ቀርቷል ብዬ ነው የምይዘው» አለች። ልጆቹ ራዊያና ኢክራማ ጨዋታ አደረጉት፤ ያን ሰሞን ሙሉ ከቤት እየበረሩ «አለሁ! አለሁ!» ሲሉ ከረሙ።

«እኔ ለዛፍ አለሁ አልልም» አለ ታሂር እየሳቀ። «እናንተ እስክትቆጠሩ በሬዬን ቦራን ፈትቼ እጨርሳለሁ።»

«ቦራ ገመዱን በጥሶም ይወጣል። አንተ መጀመሪያ ታይልኝ» አለችው።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ከትናንት በስቲያ፣ ከመግሪብ በፊት፣ የመብራቱ ገመድ ብልጭ አለና ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራውን ኮርኒስ ለኮሰው። ኡሙሰልማ ልጆቹን በጓሮ በር ይዛ ወጣች፤ በሩ ክፍት ነበር፣ አገዳ የለበትም። ታሂር በፊት በር ወጣና ቀጥታ ወደ በረቱ ሮጠ። ጭሱ በመካከላቸው ገባ። «ታሂር! ታሂር!» ስትል ሰምቷታል። ለርዳታ የምትጠራው መስሎት «መጣሁ» አለ ለራሱ፣ የቦራን ቋጠሮ እየታገለ። ቋጠሮው ሲፈታ ጥሪው ቆሞ ነበር።

ሀስናና ሌሎቹ ሴቶች ለለቀስተኛው ንፍሮ የሚቀቅሉበት ምድጃ ከዳሱ ብዙም አይርቅም። ከሰዓት በኋላ የቆላው ነፋስ ተነሳና ፍም አንስቶ ዳሱ ላይ ጣለው። የዳሱ ክዳን አገዳ ጢስ አለ፤ ወዲያው ነደደ። ሰው ተተራመሰ። በሬዎቹ ማግሳት ጀመሩ።

ታሂር ተነሳ። እግሩ ሳይጠይቀው ወደ በሬዎቹ ዞረ።

ያኔ ነው ልጆቹን ያየው። ራዊያ የታናሿን እጅ ይዛ ከሰው ሁሉ በተቃራኒ እየሮጠች ነው። ቁርቁራው ሥር ደርሳ ቆመች። እሳቱን አላየችም፤ ዓይኗ ሰው መሀል አንድ ሰው ይፈልጋል። «አባ!» አለች፣ እንደ እናቷ ባለ ድምፅ። አንድ እርምጃም ወደ እሳቱ መለስ አለች።

በሬዎቹን ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«አለሁ» አለ።

ከኋላው ሴቶቹ በውሃና በአፈር እሳቱን አጥፍተውት ነበር። ሀስና ባልዲዋን እንደያዘች መጣች። «ጠፍቷል እኮ ታሂር፤ ተመለሱ።»

«እሷም ያን ቀን እዚህ ቆማ ነበር» አላት። «ሀስና፣ ወርቅ ፍለጋ አልገባችም። እኔን ፍለጋ ነው። እኔ ከበሬዎቹ ጋር ነበርኩ።»

ሀስና ባልዲውን መሬት አስቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ቦራ ገመዱን በጥሶ ደጅ ወጥቷል። ማንም አልፈታውም። ታሂር አየው፤ ሊይዘው ግን አልሄደም።

«አለሁ» አለች ኢክራማ፣ እጁን ይዛ።

«አለሁ» አለች ራዊያ።

ከዚያ ሦስቱም ከዛፉ ሥር ቆመው ጠበቁ፣ የአንድ ሰው ተራ እንደቀረ ሁሉ።