ባለቤቱ ምን አለች?

ደግፌ በታመመባቸው ዓመታት ሚስቱ የሻረግ አንድም ቀን ቀንታ አታውቅም። ቅናት የያዛት ሲድን ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት ከባድ ድብርት ጥሎት ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ያለችው ቤታቸው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ፣ እየለመነች ያጎረሰችው እሷ ናት። ሆስፒታል ሁለት ወር ሲቆይ፣ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ሥራዋ በቀጥታ እየሄደች ጢሙን የላጨችውም እሷ ናት። ለቤተ ክርስቲያን ሰው «አገር ቤት ሄዷል» አለች። ለገዛ እህቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ሲሻለው ወደሚሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ ተመለሰ። እዚያ ሳባ የምትባል መካኒክ ነበረች፤ ለንደን ያደገች፣ ባሏን የፈታች፣ ሣቋ ከሩቅ የሚሰማ። እሑድ እሑድ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ ክለብ ትሄዳለች። ጨዋታው ማሽን ወደ ሰማይ የሚወረውረውን የሸክላ ሳህን በጠመንጃ መምታት ነው። አንድ እሑድ ደግፌን ይዛው ሄደች። በክለቡ ጠመንጃ፣ አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ፣ ከሃያ አምስት ሦስት መታ። ቤት ገብቶም ሳህኖቹ እንዴት እንደሚበሩ በእጁ እያሳየ አወራ፣ አወራ።

በዓመት ተኩል ውስጥ እንቅልፉም የምግብ ፍላጎቱም ተመለሰ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀነሰለት። የሻረግ «ተመስገን» ትላለች፤ በልቧ ግን እንዲህ ትላለች፦ እኔ ለዓመታት ያስታመምኩትን እሷ በሸክላ ስባሪ አዳነችው?

አንድ ጠዋት ሳባ ልትወስደው መጥታ በር ላይ ቆማ፣ «ደግፌዬ፣ ኪኒንህን ውጠሃል?» አለችው።

የሻረግ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጠች። ሲመለስ ጠብቃ ያዘችው።

«ነገርካት?»

«አዎ፣ ነገርኳት። የሷም ወንድም እንዲሁ ታሞ ነበር።»

«ለእናቴ ልጅ ያልነገርኩትን!»

«እኔ እኮ ደብቂልኝ አላልኩሽም፣ የሹ።»

ይህቺ ቃል አልወርድ አለቻት።

ብዙም ሳይቆይ ደግፌ የራሱን ጠመንጃ ለመግዛት የፖሊስ ፈቃድ አፕላይ አደረገ። ፎርሙ የአእምሮ ሕመም ነበረብህ ወይ ይላል፤ አንዳች ሳይደብቅ ጻፈ። ሐኪሙም አሁን ደህና መሆኑን መሰከረለት። ከዘመድ ውጭ በደንብ የሚያውቀው ሰው ሲባል ደግሞ የሳባን ስም ሞላ። የሻረግ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አይታ፣ ‹እንግዲህ ደግፌን የምታውቀው እሷ ሆነች› አለች በልቧ።

በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ ቀን ማመልከቻውን የሚያጣራው ፖሊስ ቤታቸው መጣ። ጠመንጃው የሚቆለፍበትን የብረት ሳጥን አየና፣ ደግፌን ወጥ ቤት ቆይ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«የቤቱን ሰው ሁሉ መጠየቅ ደንባችን ነው። ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?»

«አይተኛም» አለች። «ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። አንዳንዴም ‹ባልኖር ይሻላል› ይላል።»

ያለችው ሁሉ የሆነ ነገር ነበር፣ ያኔ። ‹ነበር› የምትለዋን ቃል ግን ዋጠቻት።

«ይህን ያሉት መቼ ነው?»

«በቅርቡ» አለች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ፤ ለራሱም ለሌላውም ደኅንነት ሲባል ተከልክሏል። ደግፌ ክለቡን ተወ። የሳባን ስልክ ማንሳትም አፈረ። የሻረግ የሚወደውን ምግብ እየሠራች እሑዶቿን መልሳ አገኘች፤ ለሦስት እሑድ ያህልም ደስ አላት።

በአራተኛው ደግፌ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የሹ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አልተሻለኝም እንዴ? ሐኪሙ ድነሃል ይለኛል፣ ፖሊሱ ግን የሆነ ነገር አይቶብኛል። ሰው የሚያየውን እኔ ራሴ ላይ ሳላየው ቀርቼ ይሆን?»

ፊቱን አየችው። መጠራጠር ጀምሯል፤ የሚጠራጠረውም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱን ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «የድሮውን የአሁን አስመስዬ ለፖሊሱ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ፈርተሽኝ ነው?»

«አይደለም። ቀንቼ ነው።»

ደግፌ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲያው ደህና ነኝ ማለት ነው?» አለ።

«ደህና ነህ።»

ቁጣው የመጣው በማግስቱ ነው። ሁለት ወር ሳሎን ተኛ፤ ከ«ደህና ዋይ» በላይ አላናገራትም።

የሻረግ ፖሊሱ ዘንድ ደውላ ሁሉንም ተናዘዘች። ሰውየው በትሕትና አዳመጣት። «ጽፌዋለሁ። ግን ፈርተው ቃላቸውን የሚያነሡ ሚስቶች ብዙ ስላየን፣ በዚህ ብቻ ውሳኔው አይሻርም። ባለቤትዎ ቆይተው እንደገና ማመልከት ይችላሉ» አላት። ውሸቷን ያመኗት በአምስት ደቂቃ ነው። እውነቷን የሚያምናት አጣች።

ደግፌ ወደ ክለቡ ተመለሰ፤ እንደ ጀማሪ በክለቡ ጠመንጃ፣ በአሠልጣኝ ዓይን ሥር። የምትወስደውም ሳባ ናት። አንድ ቀን የሻረግ ኮቷን ይዛ፣ «ልምጣ?» አለችው።

«አይ» አላት፣ ሳይቆጣ። «ይህቺን ቦታ ለኔ ተያት።»

ተወችለት። ቅናቱ ግን እሷን አልተዋትም። ሲመለስ በሩ ላይ ትጠብቀውና፣ «ዛሬም ቀናሁ» ትለዋለች።

«እሺ» ይላታል፣ ጫማውን እየፈታ። አንዳንድ ቀን ስንት እንደመታ ይነግራታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይነግራትም።