ማራገቢያዋን ማን ገለበጣት?

እኔ የሠራሁትን ነገር ሌላ ሰው ሲነካብኝ አልወድም። የሬዲዮም ይሁን የፓምፕ፣ ብሎኑን ካጠበቅሁ በኋላ አናቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም አሳርፋለሁ። ሰው ከፈታው ቀለሙ ተሰንጥቆ ያሳብቃል። በዚህች ብልሃቴ ስንቱን ዋሾ ደንበኛ አፉን አስዘግቼዋለሁ!

ታላቅ ወንድሜን «ሹፌሩ» እንለዋለን፤ እውነተኛ መኪና ግን አንድ ቀን ነድቶ አያውቅም። የሱ መኪና በሪሞት የምትነዳ፣ ክንድ የማትሞላ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ለሪሞት መኪኖች ትልቅ ውድድር ሲዘጋጅ፣ ሞተሯ እንዳይግል ትንሽ ማራገቢያ ገጠምኩላት። አየሩ ወደ ሞተሩ እንደሚነፍስ በወረቀት ቁራጭ ልይ ቢለኝ «እኔን ነው የምትፈትነው?» ብዬ ተቆጣሁ። እሱም ተወው።

ሁለት ዙር ሲቀረው፣ ፊት ፊት እየመራች ሳለ መኪናዋ ጨሰች። ክዳኗ ሲነሳ ማራገቢያዋ ተገልብጣ ተገኘች።

«አንቺ ነሽ» አለኝ በሰው ፊት።

«እኔ? ሃያ ዓመት በጥገና የኖርኩት ሴትዮ? ከኔ በኋላ ነካክተሃት ነው!»

«ብሎኑን እዪው እንግዲህ።»

አላየሁም። ውሸታም ብዬው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ይዞት፣ መናገር አቃተው ሲሉኝ እንኳ ሄጄ አልጠየቅሁትም። ያኔ አንጀቴ ከምን እንደተሠራ አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ልጁ መኪናዋን በካርቶን ይዛ ሱቄ መጣች።

«አክስቴ፣ አባዬ መኪናዋ ስትሄድ ማየት ፈልጓል። አዲስ ሞተር ይዣለሁ።»

«ምነው፣ ሌላ ጠጋኝ ጠፋ?»

«ሌላ ሰው እንዲነካት እሺ አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም አልከፈታትም።»

ክዳኗን አነሳሁ። ማራገቢያዋ እንደተገለበጠች ነው። ሁለቱም ብሎኖች ላይ ቀዩ ቀለሜ አለ። መነጽሬን አደረግሁ፣ አጉሊ መነጽርም ጨመርኩ። አንዱም አልተሰነጠቀም።

አጉሊ መነጽሩን አስቀመጥኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አባትሽ እውነቱን ነበር» አልኳት።

አዲሱን ሞተር አስገብቼ ማራገቢያዋን አዙሬ አጠበቅሁ። ቀለሙን ግን አልቀባሁም። ጠርሙሱን ኪሴ ከትቼ አብሬያት ሄድኩ።

ወንድሜ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። እግሩ ሥር ተንበረከክሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገለበጥኳት። በሰው ፊት ስምህን አጠፋሁት። እባክህ ስደበኝ።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን እምቢ አለው። የሰው ስድብ እንደዚያ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም።

በግራ እጁ መኪናዋን አመለከተ። ልጁ ባትሪውን ሰካችላት፤ ማራገቢያዋ መዞር ጀመረች። እሱም አጠገቡ ከነበረ ጋዜጣ ጠርዝ ቀጭን ወረቀት በጥርሱ ይዞ ቀደደና በማራገቢያዋና በሞተሩ መሃል ያዘው። ወረቀቱ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። አላመነኝም፤ ደገመው። ደግ አደረገ።

የጥፍር ቀለሙን አውጥቼ ከፍቼ ሰጠሁት። መኪናዋን ያዝኩለት። በግራ እጁ ሁለቱን ብሎኖች ራሱ ቀባቸው፤ አውራ ጣቴንም አብሮ ቀባው። ከዚያ በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም እስካሁን አላስለቀቅሁትም።