ጠጥተሃል?

ፕሮፌሰሯ በሽታ የሰውን ድምፅና አነጋገር እንዴት እንደሚለውጥ ስታጠና ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ድምፅ ስትፈልግ ታላቅ ወንድሟን ለመነችው። እሱ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ መንገደኛ ይጠራል። በየዓመቱ እየመጣ፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያንኑ አንድ ገጽ ያነብላታል፤ እሷ ድምፁን ትቀዳለች።

አንድ ዓመት ግን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ክው አለች። «ቀ» ሊል ሲል «ከ» ይወጣዋል፤ «ጠ»ም ወደ «ተ» ላልቷል።

«ጋሼ፣ እስቲ ምላስህን አውጣ።»

ምላሱ ከሥሩ ትል የሚርመሰመስበት ይመስል ነበር።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አላት።

«ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«አንቺን ያስተማርንሽ ለምን ሆነና!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሐኪሙ የፈራችውን አረጋገጠ። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው፤ መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ መዋጥ፣ በመጨረሻ መተንፈስ። መድኃኒት የለውም። ወንድሟ በሩ ላይ አቁሞ አስማላት፤ «እማዬ እንዳትሰማ።»

እናታቸው ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። አንድ እሁድ የልጇ ቃል ሲጎተት ሰማች። ባሏን የቀበረችው መጠጥ ጨርሶት ነው።

«ጠጥተሃል?»

«አዎ እማዬ፤ ትንሽ ቀመስኩ።»

«አንተም እንደ አባትህ! ሁለተኛ ድምፅህን እንዳልሰማ!» ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አጠገቡ የነበረችው እህቱ መልሳ ልትደውል፣ ስልኩን ልትቀማው እጇን ስትዘረጋ ያዛት። «ተዪ እቱ» አለ እየተኮላተፈ፤ «ሰካራም እኮ ይተዋል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል።»

ክረምቱ ሳይወጣ ከሥራው አሰናበቱት፤ መንገደኞች የሚለው አልገባ እያላቸው አውቶቡስ ያመልጣቸው ነበር። ከዚያ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። ፕሮፌሰሯ መሐላዋን ይዛ ቆየች። ውሃ ትን ብሎት ፊቱ የጠቆረ ቀን ግን አልቻለችም፤ ደውላ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት።

እናት በማግስቱ ደረሰች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። «ሰካራም አልኩህ፣ ምላሴን በቆረጠው! አንዴ ብቻ እማዬ በለኝ፣ የኔ ጌታ።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። እንባዋን በመዳፉ ጠረገላት፤ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እህቱን አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረባት።

ኩርፊያው ሰነበተ። አንድ ቀን እናቱ ሾርባ ስታጎርሰው አነቀውና ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ፕሮፌሰሯ ሮጣ ገባች። ሳሉ ሲበርድለት አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጋ ጥቂት በጥቂት ታጎርሰው ጀመር። «ዋጥ ጋሼ። አሁን ተንፍስ።» ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተላት። ብርዱ ሲገባ ሳንባው ከዳውና እስኪሞት ድረስ፣ ከእሷ እጅ በቀር አልበላም።

ከቀብሩ በኋላ ሥራዋ ላይ ተመለሰች። ድምፅዋን ልታስቀዳ ቀድማ የገባችው ታካሚ ያው የወንድሟ በሽታ የተገኘባት አንዲት ወጣት አስተማሪ ነበረች፤ ቃሏ ይጎተታል።

«ድምፄ ይመለሳል?» አለቻት።

«አይመለስም» አለች ፕሮፌሰሯ። ወንበሯን ጠጋ አድርጋም ጠየቀቻት፤ «ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?»