የቢሊሴ የወሊድ ፈቃድ

ሩዋንዳ ሰፈር ያለው የምርምር ማዕከላችን ሥራው ዲኮሎናይዜሽን ነው። ከቅኝ ገዢዎች አስተሳሰብ መላቀቅ እንደማለት ነው፤ በአማርኛ ስያሜው ላይ እስካሁን አልተስማማንም፤ ዳይሬክተራችን ዶክተር አምላኩ ግን አጠቃቀሙን ያውቁበታል። የሻይ ሰዓት ሲሰረዝ ዲኮሎናይዜሽን ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀርም እንደዚያው።

ተመራማሪዋ ቢሊሴ ሆዷ ከጠረጴዛው አላስጠጋ ሲላት የወሊድ ፈቃድ ልትጠይቅ ዶክተሩ ቢሮ ገባች።

«የወሊድ ፈቃድ የማን ሐሳብ ነው?» አሏት።

«የሕጉ።»

«ሕጉንስ ከማን ቀዳነው? እናቶቻችን እኮ ማሳ ላይ ወልደው አረማቸውን ይቀጥሉ ነበር።»

«ዶክተር፣ እኔ ገርጂ ያደግኩት ማሳው ሳይጠፋ ነው። እናቴ ታናሼን ስትወልድ ደጅ አልወጣችም፤ ጎረቤት ነው ገንፎ ያጎረሳት።»

«እሱ ፊውዳሊዝም ነው» አሉ ስልካቸውን እያዩ። «ሌላ ፕሮጀክት ነው።»

የሒሳብ ክፍሏ ማዕዛ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። «ምን አለሽ?»

«ማሳ ላይ ውለጂ።»

«እዚህ ምን ማሳ አለ? ምንጣፉን አርሚ እንጂ።»

ቢሊሴ ተስፋዋን የጣለችው ገንዘብ ከሚሰጠን የውጭ ድርጅት በምትመጣው እንግዳ ላይ ነበር። ፈረንጅ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ዝም አትልም ብላ።

እንግዳዋ ነጠላ ለብሳ መጣች። ዲኮሎናይዜሽን በሕይወታችን ምን እንደሆነ እንድንነግራት ጠየቀችን። ቢሊሴ ተነሥታ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፦ ክልከላውን፣ ማሳውን፣ አረሙን። ዶክተር አምላኩን ላብ አጠመቃቸው።

የእንግዳዋ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኛ አገር እናትን ከሥራዋ ነጥለን ዓመት ሙሉ ቤት እንዘጋባታለን» አለች። «እናንተ ግን መውለድንና መሥራትን አልለያያችሁም።»

«አልገባሽም» አለች ቢሊሴ። «እኔ ፈቃዱን እፈልገዋለሁ።»

እንግዳዋ የቢሊሴን እጅ ያዘች። «እንድትፈልጊው ማን እንዳስተማረሽ ግን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ዶክተር አምላኩ ላባቸውን ጠረጉ። እኛም አጨበጨብን፤ የበጀቱ መራዘም እዚያው ተነግሮን ነበርና።

ቢሊሴ ወለደች። ሳምንት ሳይሞላት ማዕከሉ መኪና ልኮ ከእናቷ ቤት ከነሕፃኗ አስመጣት። አሁን የአዲሱ ፕሮጀክት አስተባባሪ ናት፤ ርዕሱ «አገር በቀል እናትነት» ይባላል። ቁጭ ስትል ያማታል፤ ስለዚህ ቆማ ትጽፋለች። ሕፃኗ ስታለቅስ እኛ የስብሰባ አዳራሹን በር እንዘጋለን፤ ስለ እናትነት ስንወያይ ድምፅ ይረብሸናል።