ዋሴን ይዤ ዋስትና ፍለጋ

3.

ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 የሉም። ስለ ጥጋቡ የጻፍኳቸው ነበሩ። ሚስቴ እታለማሁ አንብባ አጠፋቻቸው። «ወንድሜ ነው፤ ስድብህን በሆድህ ያዘው» አለችኝ።

ሆዴ ሞልቷል።

4. ስለ ሱቄ

ሱቄ ቴሌግራም ላይ ነው። ስሙ «ዳዴ ጫማ» ይባላል፤ የሕፃናት ጫማ እሸጣለሁ። መጋዘኑ መኝታችን ነው። አልጋ ሥር ካርቶን፣ ቁም ሳጥን ላይ ካርቶን፣ በእኔና በእታለማሁ መካከል

ካርቶን።

ባለፈው ወር የጎረቤት ቆጣሪ ፈንድቶ የጋራ ግድግዳችን ጠቆረ። እሳቱ አንድ ክንድ ተሻግሮ ቢሆን ያለን ሁሉ አመድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእታለማሁ አፍ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ዋስትና።

5. ፍለጋ

የመጀመሪያው የኢንሹራንስ ቢሮ ሰውዬ «ሱቅዎ የት ነው?» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። «እንግዲያው ስልኩን ነዋ የምንመዘግበው» ብሎ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቀ። ሁለተኛው ቢሮ አልሳቀም። ዋጋውን ነገረኝና እኔ ሳቅሁ። ሦስተኛው ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ልጅ «መታወቂያ ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

መታወቂያ ብቻ? አላመንኳትም።

6. ለአንባቢ

ቀስ ብለህ አንብብ። «ዋስትና» ሲሉህ ምን ይሰማሃል? እኔ የሰማሁት «ዋስ» የሚለውን ነው። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ዋስ አምጣ ስባል ነው የኖርኩት። ዱቄት ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊቀጥረኝ ሲል አንድ ዋስ ጎድሎኝ ቀረሁ። የታወቀ ደመወዝ ያለው ዘመዴ ጥጋቡ ብቻ ነበር። ዋስ ሁነኝ ስለው፣ ሠርግ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሥጋ እያኘከ «ግዛቸው ለራሱም ዋስ አይሆን» አለ።

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አብሬ መሳቄ ነው የሚያንገበግበኝ።

7. ስልክ

እኔ፦ ጥጋቡ፣ ዋስ ትሆነኛለህ?

ጥጋቡ፦ የትኛውን ባንክ ዘረፍክ?

እኔ፦ ለጫማው ነው።

ጥጋቡ፦ ጫማህ ታሰረ?

እኔ፦ በቃ ተወው!

ጥጋቡ፦ ቆይ እንጂ አማቼ፣ ቁጣ ያምርብሃል። ጠዋት እመጣለሁ።

8. ቢሮ

መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ የደመወዝ ማስረጃ በፖስታ ይዞ። የሦስተኛው ቢሮ ልጅ ፌቨን ትባላለች።

ፌቨን፦ እሳቸውስ?

እኔ፦ ዋሴ ነው።

ፌቨን፦ የምን ዋስ?

ጥጋቡ፦ ማስረጃዬ ማኅተም አለው፣ እይው።

ፌቨን፦ (ሳቋን እየዋጠች) ጋሼ፣ እዚህ ዋስ አይመጣም። ለእርስዎ ዋስ የምንሆነው እኛ ነን።

9.

ድገሚልኝ አልኳት።

ደገመችልኝ።

ጥጋቡ ክራቫቱን አላላ።

10. ዋጋ

«ሱቅ ላላቸው የሚሆነው ይወደድብዎታል» አለች ፌቨን። «ቤታቸው ሆነው በስልክ ለሚሸጡ ግን አነስ ያለ አለ።» ዋጋውን ነገረችኝ። እችለዋለሁ!

«አንድ ነገር ብቻ፣ ጋሼ። ዕቃው ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም። በሩ ለብቻው የሚቆለፍ ቦታ ይኖርዎታል?»

«ያለችኝ አንድ ክፍል ናት።»

«እንግዲያው ይቅርታ።»

 

«የኔ ሰርቪስ ቤት ባዶ ናት» አለ ጥጋቡ።

ዞሬ አየሁት። እሱ መስኮቱን ያያል።

«በሯም ለብቻዋ ነው። ኪራይ ምናምን አልፈልግም።»

«ለእህትህ ብለህ ነው?»

«ለጫማዎቹ ብዬ ነው። አንተንማ ግቢዬ አላስገባህም ነበር።»

ፌቨን ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ማለቴ፣ ትንሽ።

11. ለአንባቢ፣ በድጋሚ

አሁን አንተ ወንበሬ ላይ ተቀመጥ። እሺ ካልክ፣ በየዓመት በዓሉ «መጋዘን የሰጠሁት እኔ» ሲልህ ሊኖር ነው። ውለታው እያለብህ ፊቱ ላይ መኮሳተር አትችልም፤ ስንት ዓመት የያዝከውን ኩርፊያ ልታስረክብ ነው። እምቢ ካልክ፣ እታለማሁ እንደ ልማዷ ዛሬ ሌሊትም ተነሥታ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ሙቀቱን ልትፈትሽ ነው።

እየዳበሰች ሳያት የተኛሁ እመስላታለሁ።

12.

ፌቨን፦ ታዲያ የዕቃው አድራሻ ማን ቤት ልበል?

ጥጋቡ፦ ተናገር እንጂ፣ ልጅቷን አታቁማት።

እኔ፦