የአባባ ዘመነ ግራ ጎን

የብርጓል ግራ ገብቷታል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን አልገጠማትም። አባባ ዘመነን በቀኝ ጎናቸው አስተኝታ ትወጣለች፤ ስትመለስ በግራቸው ዞረው ታገኛቸዋለች። ከመተኛት ብዛት የወጣው ቁስል ያለው ደግሞ ግራ ዳሌያቸው ላይ ነው!

የቁስል አያያዝ ልታሠለጥን የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር ሰልማ፣ ትናንት ቁስሉን ስትለካ ፊቷ ተለዋወጠ። "ሰፍቷል። አጥንት ከነካ እናጣቸዋለን። የብርጓል፣ እውነት በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጫቸዋለሽ?"

አዎ ብትል ማን ያምናታል? ዛሬ ግን ነገሩን ሳላውቅ ከዚህች ክፍል ንቅንቅ አልልም አለች።

"አባባ፣ ለምን ይዞራሉ?"

"ለምዶብኝ ነው" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልተዋጠላትም። ከአጠገባቸው የክፍል ተጋሪያቸው አያ ጌቱ፣ ደምበጫ ገበያ ስላወጧት በቅሎ ይለፈልፋሉ።

"ኤዲያ! ዝም በል፣ ወሬኛ!" አሉ አባባ ዘመነ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው የሚሏቸው።

የብርጓል በቀኝ አስተኛቻቸውና ከኋላቸው ቆማ፣ "ምሳ ላምጣልዎት?" አለች። መልስ የለም። ድምጿን ከፍ አደረገች። ዝም። በግራ መልሳ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

"ሽሮው ወፈር ይበል" አሉ።

"ውይ! ግራ ጆሮዎ አይሰማም እንዴ?"

አፈሩ። "ድሮ በቅሎ ረግጣኝ ነው። በቀኝ ስተኛ ደህናው ጆሮዬ ትራስ ውስጥ ይቀበራል። ዓለም ጭጭ ትላለች፤ የሞትሁ ይመስለኛል።"

አንጀቷን በሏት። ወዲያው ሲስተር ሰልማ በሥልጠናው ለሠራተኞቹ ያሳየችው ትዝ አላት፤ ሰው በጎኑ ሙሉ በሙሉ ሳይዞር በትንሹ ጋደል ማለት ይችላል። በግራ በኩል ከጀርባቸው ሥር ትራስ ሸጎጠች። ግራ ዳሌያቸው ከፍራሹ ተነሣ፤ ፊታቸው ወደ ጣሪያ ሆነ፣ ቀኝ ጆሯቸውም ክፍት።

"ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል፣ ልጄ።"

በሦስተኛው ሳምንት ሲስተር ሰልማ ለካች፤ አላመነችም፣ ደግማ ለካች። ቁስሉ በግማሽ ጠቧል። "ይቅር በይኝ፣ እህቴ" አለቻት። "ምን አድርገሽ ነው?"

የብርጓል ደስታዋ አላስችል ብሏት ሁሉንም ነገረቻት። አያ ጌቱ የበቅሎዋን ወሬ አቋርጠው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አዳመጡ።

"አንተ ሰው፣ የእኔን ወሬ ልትሰማ ነው ሥጋህ እንዲህ ያለቀው?" አሉና ዝም አሉ።

አባባ ዘመነ ጠበቁ፣ ጠበቁ። በመጨረሻ ራሳቸውን ወደ ጓደኛቸው አልጋ መለስ አደረጉ።

"በቅሎዋስ?" አሉ። "ተሸጠች?"