ለምላስ የሚሆን ክንድ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ፣ ምላሷ ከመቀሷ የማያንስ ሴት። ካንሰሩ ምላሷ ላይ መሆኑን የሰማች ዕለት እንኳ «ጠላቶቼ ጸሎታቸው ደረሰላቸው» ብላ ነርሷን አስቃታለች።

ሐኪሙ የታመመውን የምላሷን ክፍል ቆርጦ፣ በምትኩ ከክንዷ ቆዳ ከነደም ስሩ አንስቶ ሊተክልላት ነው። የክንድ ቆዳ ስስና ተጣጣፊ ስለሆነ ለምላስ ይስማማል አለን። የተወሰደበት እጅ ግን ሊደነዝዝ ይችላል።

«በየትኛው እጅዎ ይጽፋሉ?»

«በቀኝ።»

ግራ ክንዷ ላይ ማስመር ጀመረ። እኔ ሰው ሲያወራ ደመና የማይ ልጅ ነኝ፤ እስክሪብቶው ቆዳዋን ሲነካ ግን ክው አልኩ።

«ዶክተር፣ ግራኝ ናት! በቀኝ መጻፍ ትምህርት ቤት አስገድደዋት ነው። ጨርቅ የምትቆርጠው በግራዋ ነው።»

«ስለ መጻፍ ጠየቀኝ፣ ስለ መጻፍ መለስኩ!» አለች አክስቴ።

ሐኪሙ ሳቀና ወደ ቀኟ ዞረ። ጡጫ አስጨብጧት አንጓዋ ላይ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት በኩል መዳፉን የሚመግቡትን ሁለት ደም ስሮች ተጫነ። ስትከፍተው መዳፏ ነጥቷል። በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ለቀቀ። ጠበቅን፤ እንደነጣ ቀረ።

«እንደተለመደው በአውራ ጣቱ በኩል ያለውን ከወሰድኩ ይሄ እጅ ደም አያገኝም» አለ።

አክስቴ ግራዋን ዘረጋች። «እንግዲያው ይሄን ውሰድ። ዲዳ ከምሆን ሥራ ብፈታ ይሻለኛል።»

«እቴቴ፣ ተይ!» አልኩ። ያለዚያ እጅ እሷን ማሰብ አቃተኝ።

ሐኪሙ ቀኟን እንደገና ያዘ፣ ተጫነ፣ አሁን በአውራ ጣቱ በኩል ያለውን ለቀቀ። መዳፏን ወዲያው ደም ሞላው።

«የዚህ ቤት አባወራ ይሄኛው ነው፤ እጁን ብቻውን ይመግባል፣ እሱን አንነካውም። ቆዳውንም ደም ስሩንም ከትንሿ ጣት በኩል እንወስዳለን።»

«እኔ ቤት አባወራ ኖሮ አያውቅም» አለች። እንባዋ ግን ወርዶ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለብዙ ቀናት መናገር አልቻለችም። ቁስሉ ሲጠግግ፣ ሐኪሙ አፏን አይቶ ሊወጣ ሲል፣ በተኮላተፈ አንደበት «ዶክተር፣ ኮትህ ትከሻህን አንቆታል» አለችው። እሱ ቆሞ ቀረ፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አሁን አዲስ ኮት እየቆረጠችለት ነው፣ በግራዋ። እኔ ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምገልጸው ጠፍቶኝ፣ ጨርቁን ወጥሬ ይዤላታለሁ።